የሌላውን ቋት ማከራየት
የአውስትራሊያ ዋና ከተማ ግዛት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1994 ምክትል ዋና ሚኒስትሩን ዌይን ቤሪን የመተማመኛ ድምፅ ሲነፍግ፣ ክርክሩ ሚኒስትሩ ምክር ቤቱን አሳስተዋል ወይስ አላሳሳቱም በሚለው ዙሪያ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ዋናውን ጉዳይ ጋርዶታል። የግዛቱ መንግሥት አወራራጅ ድርጅት አክታብ፣ መቀመጫው ቫኑአቱ ከሆነው ቪታብ ጋር ሲዋዋል ያቀረበው የራሱን ሀብት ብቻ አልነበረም። በጋራ ቋት ውርርድ የአሸናፊው ድርሻ የሚሰላው ከተጠራቀመው ገንዘብ ነው፤ ቋቱ አነስተኛ ሲሆን አንድ ከፍተኛ ውርርድ ብቻውን ስሌቱን ያናጋዋል። ትንሹ አክታብም በቪክቶሪያ ሰፊ ቋት ተጠግቶ ይኖር ነበር፤ ለቪታብ የከፈተው ይህንኑ በር ነው። ቪክቶሪያ ግንኙነቱን ለማቋረጥ ስትወስን ውሉ መሠረቱን አጣ። ከሚኒስትሩ ቃል ይልቅ መመርመር የነበረበት፣ ቪክቶሪያ እምቢ ብትል ኪሳራውን ማን ይሸከማል የሚለው ነበር።