ለጤና ባለሙያ እጥረት ማን ይጠየቅ? ሁለት ሙግቶች

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጤና ሚኒስቴርን የሚቆጣጠርባቸው ዋና መንገዶች ሦስት ናቸው። ሚኒስትሩ ምክር ቤት ቀርበው ሪፖርት ያሰማሉ፤ የጤና፣ ማኅበራዊ ልማት፣ ባህልና ስፖርት ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ የመስክ ምልከታ ያደርጋል፤ የዋና ኦዲተር ግኝት ደግሞ በመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ፊት ይመረመራል። ሥልጣኑ የሚመነጨው ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ነው። ንኡስ አንቀጽ 17 ጠቅላይ ሚኒስትሩን ጨምሮ የፌዴራል ባለሥልጣናትን ጠርቶ መጠየቅንና የአስፈጻሚውን አሠራር መመርመርን ይፈቅዳል። ንኡስ አንቀጽ 18 ደግሞ ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ ምክር ቤቱ በጉዳዩ ተወያይቶ አስፈላጊ ነው ያለውን እርምጃ እንዲወስድ ሥልጣን ይሰጠዋል።

ይህ ሥልጣን ኮሶዬ ድረስ ይደርሳል ወይ የሚለው ነው አከራካሪው። ኮሶዬ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ በወገራ ደጋ ጫፍ ትገኛለች። ከገደሉ ሥር ካለው ቆላ በቃሬዛ የምትወጣ ወላድ በመጀመሪያ የምታገኘው ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ነው። ከዚያ በላይ አምባ ጊዮርጊስ ላይ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አለ፤ ጉዳዩ ሲከፋ ሪፈር የሚጻፈው ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። በደባትና በደባርቅም ሰንሰለቱ ይኸው ነው። ሕንፃው በየደረጃው ተሠርቷል፤ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው በውስጡ የሚሠራው ሰው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለ1,000 ሰው 4.45 ሐኪም፣ ነርስና አዋላጅ ያስፈልጋል ሲል ያስቀመጠው መለኪያ ከኢትዮጵያ እጅግ የራቀ መሆኑን ከዚህ በታች የሚሟገቱት ሁለቱም ጸሐፊዎች ይቀበላሉ። የሚለያዩት ተጠያቂው ማን ነው በሚለው ነው።

አንደኛው ጸሐፊ፦ ጥያቄው ከአራት ኪሎ ይጀምር

እጥረቱን የፈጠሩት ውሳኔዎች ወረዳ ላይ አልተወሰኑም። በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር ለየቀበሌው ሁለት ሴት ባለሙያዎች ይመደቡ የተባለው በፌዴራል ደረጃ ነው። በ2004 ዓ.ም. 13 ተቋማት በአንድ ጊዜ አዲስ የሕክምና ትምህርት የጀመሩትም በፌዴራል ዕቅድ ነው። አገሪቱ ሐኪም ተርባ ስለነበር ዕቅዱ አይነቀፍም፤ የጎደለው የተመራቂውን ደመወዝ አብሮ ያሰላ ሰው ነው። ለረጅም ዘመን ተመራቂ ሐኪም ዕጣ አውጥቶ በመንግሥት ይመደብ ነበር። የተመራቂው ቁጥር ከተፈቀደው መደብ ሲበልጥ ያ አሠራር ቀረ። ዛሬ ሥራ ያጣ ሐኪምና ሐኪም ያጣ ሆስፒታል በአንድ አገር ጎን ለጎን ይኖራሉ። ይህን የወገራ ወረዳ ምክር ቤት ማንን ይጠይቅ? ቅበላው የትምህርት ሚኒስቴር፣ የሙያ መሥፈርቱ የጤና ሚኒስቴር፣ ድልድሉ የገንዘብ ሚኒስቴር ነው። ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ መጠየቅ የሚችል ምክር ቤት አንድ ብቻ ነው።

የደመወዙ ጉዳይም ያው ነው። በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ወደ 3,000 የሚጠጉ የጤና ባለሙያዎች ቅሬታቸውን ያሰሙት በጠቅላይ ሚኒስትሩ ፊት ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 2017 ዓ.ም.፣ ያው የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄ ሥራ እስከ ማቆም ደረሰ፤ ፖሊስም በርካታ ባለሙያዎችን አሰረ። በሁለቱ ቀኖች መካከል ቋሚ ኮሚቴው የባለሙያዎቹን ተወካዮችና ሚኒስቴሩን በአንድ አዳራሽ አስቀምጦ፣ ቃላቸውን በቃለ ጉባኤ አስፍሮ፣ የመልሱን ቀን ቆርጦ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ መደበኛ ቦታውን ባገኘ ነበር። ጥያቄ የሚሰማበት ቤት ሲዘጋ ወደ አደባባይ ይወጣል፤ አደባባይ ላይ ደግሞ የሚያገኘው ፖሊስን ነው። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. መንግሥት የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ እንደሚሻሻል አሳወቀ፤ የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ አለ። አንድ የማዕከል ውሳኔ በየጤና ጣቢያው ያለውን ነርስ ሁሉ ይነካል ማለት ነው። ቁልፉ የት እንዳለ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ፓርላማው በቀጥታ የሚያዝበት ቦታም አለ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በፌዴራል በጀት የሚተዳደር በመሆኑ በጀቱን የሚያጸድቀው ያው ምክር ቤት ነው። ከኮሶዬ፣ ከደባትና ከደባርቅ የሚላክ ሕመምተኛ ሁሉ የሚያበቃው እዚያ ነው። በታች ያለው ክፍተት ስንት ሰው ወደ ላይ እንደሚገፋ ከሪፈር መዝገቡ ማንበብ ይቻላል፤ ኮሚቴው ያን መዝገብ ይዞ ሚኒስትሩን ቢጠይቅ ወረዳ ውስጥ ጣልቃ ገባ የሚለው አይኖርም።

እንዲህ ያለ ምርመራ ፍሬ እንዳለው ከእንግሊዝ ማየት ይቻላል። የታችኛው ምክር ቤት የጤና ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 ባወጣው ሪፖርት የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት 12,000 የሆስፒታል ሐኪሞችና ከ50,000 በላይ ነርሶችና አዋላጆች እንደሚጎድሉት አስታወቀ። ኮሚቴውን ይመሩ የነበሩት ጀረሚ ሀንት ራሳቸው ቀድሞ የጤና ሚኒስትር ነበሩ። መንግሥት ለዓመታት ሲሸሸው የኖረው የረጅም ጊዜ የሰው ኃይል ዕቅድ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 ታተመ። ኮሚቴው አንድም ነርስ አልቀጠረም፤ ቁጥሩን ግን መንግሥት ሊክደው እንዳይችል አድርጎ አወጣው። የኢትዮጵያው ኮሚቴም ሪፖርት አዳምጦ “ጥሩ ጅምር ነው፣ ይጠናከር” ከማለት አልፎ፣ በየደረጃው ስንት መደብ ክፍት እንደሆነ በክልል ተለይቶ እንዲታተም ማዘዝ አለበት። አንቀጽ 41 መንግሥት ለጤና በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያስገድዳል። መጨመሩን የሚለካ ከሌለ ግዴታው በወረቀት ይቀራል።

ሁለተኛው ጸሐፊ፦ ደመወዝ ከፋዩ ይጠየቅ

የኮሶዬው ነርስ በየወሩ የሚፈርመው የወረዳው የደመወዝ ፔሮል ላይ ነው። ገንዘቡ ከፌዴራል መንግሥት በጥቅል ድጎማ ለክልል፣ ከክልል ለወረዳ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ስንቱ ለመንገድ፣ ስንቱ ለትምህርት፣ ስንቱ ለጤና እንደሚውል፣ የትኛው ክፍት መደብ እንደሚሞላ የሚወስነው ወረዳ ነው። ለወራት የሚንከባለለው የዲዩቲ ክፍያም የወረዳው ዕዳ ነው። ሚኒስትሩ ስለዚህ ዕዳ ሲጠየቁ “ክልሎች ናቸው የሚመልሱት” ቢሉ ሽሽት ይመስላል፤ ሆኖም ሕጉ ያለው ይህንኑ ነው። ፌዴራል መንግሥት የጤና ደረጃና መሠረታዊ የፖሊሲ መለኪያ እንዲያወጣ በአንቀጽ 51 ተደንግጓል፤ የክልሉን ሠራተኛ የማስተዳደር ሥልጣን ግን በአንቀጽ 52 ለክልሉ ተሰጥቷል። ከፋይ ያልሆነን ሰው ስለ ክፍያ መጠየቅ ለቴሌቪዥን ያምራል እንጂ ገንዘብ አያመጣም።

የመስክ ምልከታ የሚባለውም ቀረብ ብሎ ሲታይ ብዙ አይደለም። ቀኑ በደብዳቤ ቀድሞ ይታወቃል። ግቢው ይጠረጋል፤ በኃላፊው ቢሮ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የክትባትና የወሊድ ሰንጠረዥ በአዲስ ማርከር ይሞላል። ዲዩቲ አድሮ የወጣው ነርስ ወደ ቤቱ ሳይሄድ ጋዋኑን እንደለበሰ ይቆያል። ኬላዋን ቆልፋ ስብሰባ የምትጠራው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም ያን ዕለት ኬላዋ ላይ ትገኛለች። እንግዶቹ ባለሙያው ሁሉ ተገኝቶ ያዩታል፤ እጥረቱ የሚታየው ግን በማግስቱ ነው። ግብረ መልሱ ይጻፋል፣ ለክልሉ ይላካል፣ ፋይል ይገባል።

በዚህ ላይ በሰኔ 2013 ዓ.ም. ምርጫ ከተደረገባቸው 436 መቀመጫዎች 410 ያህሉን የያዘው አንድ ፓርቲ ነው። አንቀጽ 55 ንኡስ አንቀጽ 18 የሚጠይቀው አንድ ሦስተኛ ድምፅ የራሱን መንግሥት ለመመርመር ካልፈለገው ከዚያው ፓርቲ ውጭ ከየት ይመጣል? የእንግሊዙ ምሳሌም ሲመረመር ወደ ሌላ መደምደሚያ ይወስዳል። ሀንት በሪፖርቱ ዕቅድ እንዲወጣ ጠየቁ፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 የገንዘብ ሚኒስትር ከሆኑ በኋላ ግን ዕቅዱ እንደሚወጣ ራሳቸው አስታወቁ። ዕቅዱ የወጣው ጠያቂው ካዝናውን ከያዙ በኋላ መሆኑ የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም።

ለባለሙያ እጥረት ጎንደር ላይ መልስ የተፈለገበት ዘመን አለ። በ1947 ዓ.ም. እዚያ የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን በቡድን እያሠለጠነ በገጠር ጤና ጣቢያ ያሠራቸው ነበር። ደባትም ብርቅ ሀብት አላት። በ1980ዎቹ መጨረሻ ኮሌጁ ያቋቋመው የምርምር ጣቢያ በወረዳው ልደትን፣ ሞትንና የነዋሪውን መዘዋወር ቤት ለቤት ሲመዘግብ ኖሯል። የአዲስ አበባ ኮሚቴ የሚለምነው ዓይነት ቁጥር ለደባት ወረዳ ምክር ቤት ደጁ ላይ ነው፤ መጠየቅ ያለበት ለምን እንደማይጠቀምበት ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በቀጠለው የትጥቅ ግጭት መንገዱ በተዘጋ ቁጥር የሩቁ ተቆጣጣሪ ይቀራል። የቀበሌው ተወካይ ግን እዚያው ነው፤ ሚስቱ የምትወልደው በዚያው ጤና ጣቢያ ነው። ስለዚህ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትና ገንዘብ ጽሕፈት ቤት በየሩብ ዓመቱ አብረው በምክር ቤቱ ፊት ይቁሙ፤ ክፍት መደብና ያልተከፈለ ዲዩቲ በጤና ጣቢያው ሰሌዳ ይለጠፍ፤ ዝውውር በማን ትእዛዝ እንደተፈቀደ ይታወቅ። ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም።

የአንደኛው ጸሐፊ መልስ

የወረዳ ምክር ቤት ነጻ ጠያቂ ይሆናል ማለት ላም አለኝ በሰማይ ነው። አብዛኞቹ አባላት በመንግሥት ደመወዝ የሚተዳደሩ ወይም የገዢው ፓርቲ አባላት ናቸው፤ የሚጠይቁት ኃላፊ የቅርብ አለቃቸው ወይም ዘመዳቸው ነው። ፓርላማውን ሽባ ያደረገው የአንድ ፓርቲ የበላይነት ወረዳ ሲደርስ አይቀልም፣ ይከብዳል። ገንዘቡም ቢሆን የለም። በ2016 ዓ.ም. ጃን አሞራና በየዳ ወረዳዎች በድርቅ ሲመቱ ግብር የሚሰበሰብበት ሰብል አልነበረም። እንዲህ ያለ ወረዳ ደመወዝ ከፋዩ አንተ ነህ ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ባዶ ካዝና ነው። ለአስቸጋሪ ቦታ የተለየ አበል፣ ለሩቅ ጤና ጣቢያ የተመደበ ልዩ ድጎማ የሚጸድቀው አዲስ አበባ ነው። የደባት መረጃም ቢሆን የወረዳው ብቻ ንብረት አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲው የፌዴራል በጀት ተቋም ስለሆነ ቋሚ ኮሚቴው ጠርቶ ሊያደምጠው ይችላል።

የሁለተኛው ጸሐፊ መልስ

የቅበላ ቁጥር፣ የደመወዝ ስኬልና የአስቸጋሪ ቦታ አበል የፓርላማው ጥያቄ መሆናቸው የሚካድ አይደለም። ክርክሩ የሚቀረው ውሳኔው ከተላለፈ በኋላ ባለው ላይ ነው። 11,500 ብሩ የተወሰነው በማዕከል ቢሆንም የሚከፈለው ከወረዳ በጀት ነው። ጥቅል ድጎማው በዚያው ልክ ካላደገ ወረዳው ያሉትን ሠራተኞች ለመክፈል ክፍት መደቦቹን ይዘጋል፤ የነርሱ ደመወዝ ሲሻሻል አጠገቡ ሊቀጠር የታሰበው አዋላጅ ይቀራል። ይህ በአዲስ አበባ ሪፖርት ላይ እንደ ደመወዝ ጭማሪ እንጂ እንደ እጥረት አይጻፍም። የተዘጋው መደብ የሚገኘው በወገራ፣ በደባትና በደባርቅ የበጀት ሠንጠረዥ ውስጥ ነው፤ ያን ሠንጠረዥ በየዓመቱ ተራ በተራ አንብቦ የሚያጸድቀውም የወረዳው ምክር ቤት ነው።