የምትሽከረከረው ክብና የነጋዴው ገንዘብ

በደብረ ማርቆስ መደብሩን ከፍቶ የተቀመጠ ነጋዴ በመርካቶ ለሚገኘው አስመጪ የዕቃ ዋጋ ለመላክ ወደ ባንክ መስኮት የሚሄድበት ቀን እየቀነሰ መጥቷል። ባንኮች የየራሳቸውን የሞባይል መተግበሪያ ካወጡ፣ ቴሌብርም ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመረ ወዲህ ሐዋላው በኪሳችን ገብቷል። ምቾቱ ታላቅ መሆኑን የሚክድ የለም። እኛ ግን ዛሬ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ለመናገር የምንወደው ስለ አንዲት ትንሽ ነገር ነው፤ ይኸውም ገንዘቡ በመንገድ ሳለ በስልኩ ፊት ላይ ስለምትሽከረከረው ክብ ነው።

አንድ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ወዳጃችን የደረሰበትን እንዲህ ሲል አጫወተን። ዕቃው አዲስ አበባ ላይ በአይሱዙ ተጭኖ፣ ሾፌሩ የአስመጪውን ቃል ሲጠብቅ፣ ወዳጃችን 40,000 ብር ለመላክ ስልኩን ነካ። ክቧም መዞር ጀመረች። አንድ ደቂቃ አለፈ፣ አምስት ደቂቃ አለፈ፤ ክቧ ትዞራለች እንጂ አንዳች ቃል አትናገርም። ገንዘቡ ሄዷል ወይስ አልሄደም? ሾፌሩ ደግሞ በስልክ ይነዘንዛል። ሰውየው መተግበሪያውን ዘግቶ፣ እንደ ገና ከፍቶ ዳግመኛ ላከ። በማግሥቱ ሒሳቡን ቢመለከት ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ወጥቷል፤ አስመጪው ዘንድ የደረሰው ግን አንዱ ብቻ ነው። የቀረው 40,000 ብር በዘጠኝ ቀኑ ተመለሰ። በዚያው መካከል ለበዓል ሊያስመጣው ያሰበው ዕቃ ለሌላ ተሸጠ። የባንኩን ስም አንጠራም፤ ነገሩ የአንድ ባንክ ብቻ አይደለምና።

ነጋዴው ተሳስቷል የሚል ሰው ቢኖር፣ ያች ክብ ምን እንደ ሆነች አስቀድሞ ይረዳልን። ክቧን የሚሥላትና የሚያዞራት ስልኩ ራሱ ነው። ከባንኩ ዘንድ ወሬ ስለ መጣ የምትዞር አይደለችም፤ የባንኩ ማሽን ቢቆም፣ ኔትወርኩም ቢጠፋ መዞሯን አታቋርጥም። በቀድሞው ጊዜ በመስኮቱ ፊት የቆመ ሰው ጸሐፊው መዝገቡን ሲገልጥ፣ ማኅተሙን ሲያነሣ ያይ ነበር። ሥራው ቢዘገይም የት እንደ ደረሰ ዓይን ይመሰክር ነበር። ክቧ ይህን ምስክርነት ወስዳ በምትኩ ምንም አልሰጠችንም።

ይህን ችግር የዓለም ባለሙያዎች ከብዙ ዘመን ጀምሮ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ1985 ብራድ ማየርስ የተባለ ተመራማሪ፣ ከሥራው ይህን ያህል በመቶ ተፈጽሟል ብሎ የሚያሳይ መስመር በኮምፒዩተር ፊት ሲኖር ሰዎች እንደሚመርጡት በጥናት አሳይቷል። ጄኮብ ኒልሰንም እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጥበቃው ከ10 ሴኮንድ ካለፈ የሰው ሐሳብ ወደ ሌላ ስለሚሄድ ሥራው የት እንደ ደረሰ ሊነገረው ይገባል ብሏል። ነገር ግን መስመር ሁሉ እውነተኛ አይደለም። እስከ 99 በመቶ በሩጫ ደርሶ በዚያው ተገትሮ የሚቀረውን መስመር የማያውቅ ማን ነው? እንዲህ ያለው መስመር ከክቧ ይብሳል፤ ክቧ ዝም ትላለች፣ እርሱ ግን ይዋሻል።

በእኛ አስተያየት መስመር ሊሠራ የሚገባው የሚቆጠር ነገር ባለበት ነው። አስመጪው የዕቃ መግዣ ደረሰኝና የመርከብ ጭነት ሰነድ በኢንተርኔት ሲልክ፣ ከስድስቱ ገጽ አራቱ መድረሱ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ይታይ። የገንዘብ መላክ ግን በመቶኛ አይከፈልም። ለዚህ የሚሻለው እንደ ጭነት መኪና ጉዞ በየጣቢያው መንገር ነው። ሾፌሩ ጎሐ ጽዮን ደርሻለሁ፣ ዓባይን ተሻግሬአለሁ፣ ደጀን ገብቻለሁ እያለ ሲደውል ባለ ዕቃው ልቡ እንደሚያርፍ፣ መተግበሪያውም «ጥያቄዎ ባንኩ ዘንድ ደርሷል»፣ «ከሒሳብዎ ተቀንሷል»፣ «ለተቀባዩ ገብቷል» ይበል። ያልታወቀ ነገር ሲኖርም «አላወቅሁም፣ እየጠየቅሁ ነው» ለማለት አይፈር።

ሁለተኛው ነገር ከዓይን የተሰወረው ሥራ ነው። ባለ ሱቁ ገንዘብ እየላከ ሳለ ደንበኛ ቢደውልለት ወይም ስልኩን ኪሱ ቢከተው፣ መተግበሪያው ከፊት ወደ ኋላ ይሄዳል። አንድሮይድ ስልኮች እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ፣ ይልቁንም ከ2017 ወዲህ፣ ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ በስተኋላ ያለውን መተግበሪያ ያስተኛሉ። መብራት ሲጠፋ ለሚውልበት አገር ይህ ቁጠባ መልካም ነው፤ አንነቅፈውም። የምንነቅፈው ይህን እያወቀ ሥራውን ሜዳ ላይ ጥሎ የሚተኛውን መተግበሪያ ነው። ስልኩ ኔትወርክ ሲመለስ፣ ተዘግቶ ቢከፈትም እንኳ፣ የተጀመረን ሥራ አስታውሶ የሚቀጥልበት መሣሪያ በውስጡ አለው፤ የመተግበሪያው ሠሪ ሥራውን ለዚያ አደራ መስጠት ይችላል።

ከዚህም በላይ እያንዳንዱ ክፍያ ከመላኩ በፊት የራሱ ቁጥር ሊሰጠው ይገባል። አንድ ቼክ ሁለት ጊዜ እንደማይመነዘር ሁሉ፣ ባንኩ ያንኑ ቁጥር ሁለተኛ ሲያይ «ይህን ከፍያለሁ» ብሎ መመለስ አለበት። ተጠቃሚው መተግበሪያውን ዘግቶ ሲመለስም አዲስ ክፍያ ከመቀበሉ በፊት ያልተቋጨውን ያሳየው። ይህ ቢኖር ኖሮ ወዳጃችን አሥር ጊዜ ቢጫን እንኳ የሚወጣው አንድ 40,000 ብር ብቻ ነበር።

ለእኛ አውራጃ ነገሩ ምቾት ብቻ አይደለም። ከሐምሌ ወር 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት በተቋረጠ ጊዜ፣ መተግበሪያው ሁሉ ጌጥ ሆኖ ቀርቶ ነበር። ስልክ በሚሠራበት ቦታ የቀረው በ*127# ወይም በ*889# መላክ ነው። ያ አሮጌ መንገድ መልክ የለውም፤ ሆኖም ሥራው ሲፈጸም የግብይቱን ቁጥር የያዘ አጭር መልእክት ይልካል። ያማረው መተግበሪያ በደረሰኝ ረገድ ከዚህ ሊያንስ አይገባም።

አንዳንድ የመተግበሪያ ሠሪዎች «ገንዘቡ አልደረሰም ብንል ሕዝቡ ይደነግጣል» ይሉ ይሆናል። ነጋዴ ግን በክፉ ወሬ አይሞትም። ክፍያው እንደ ዘገየ በጊዜው ያወቀ ሰው ለአስመጪው ደውሎ አንድ ቀን ይለምናል፣ ወይም በሌላ ባንክ ይልካል። ያላወቀ ግን ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

ስለዚህ የንግድ ምክር ቤቱ ከባንኮች ጋር በሚነጋገርበት ጊዜ ስለ አገልግሎት ክፍያ መጠን ብቻ ሳይሆን ስለዚህም ጉዳይ እንዲያነሣ እናሳስባለን። እስከዚያው ድረስ አባሎቻችን ክቧ ስትዘገይ ዳግመኛ ከመጫናቸው በፊት የሒሳባቸውን ዝርዝር ይመልከቱ፣ ተቀባዩንም ይጠይቁ። ሁለት ጊዜ ከፍሎ የተጉላላ አባል ቢኖር ቀኑን፣ የገንዘቡን ልክና የግብይቱን ቁጥር በጽሑፍ አድርጎ ለጽሕፈት ቤቱ ቢያደርስ፣ ለንግግሩ ማስረጃ ይሆናል።