የጠመጠምነውን ሽቦ እንፍታ

ልጅ ሳለሁ መብራት ሲጠፋ ወደ ደጅ ሮጬ የጎረቤትን መስኮት ማየት የእኔ ድርሻ ነበር። የጎረቤት ከበራ ፊውዛችን ተቃጥሏል ማለት ነው። ወንበር ይቀርብልኛል፤ ሸክላውን ፊውዝ ነቅዬ አወርድና ከአሮጌ ገመድ የመዘዝኩትን መዳብ ጠምጥሜ እመልሰዋለሁ። ቤቱ ቦግ ይላል፤ እናቴ ትመርቀኛለች። ቶሎ ቶሎ እንዳይቃጠል ሽቦውን ደረብ ደረብ አደርገው ነበር። እናቴንና ታናናሾቼን ምን ሥር እንዳስተኛኋቸው የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

በጉለሌም፣ በልደታም፣ በደሴም፣ በጎንደርም በአሮጌ ግቢ ያደገ ሰው ይህን ሥራ ያውቀዋል። ጣት የምቀስርበት ሰው የለኝም፤ የሁላችንም እጅ አለበት። ስለዚህ የምጠራው ሁላችንንም ነው።

ፊውዝ በቤቱ ካለው ሽቦ ሁሉ ቀድሞ እንዲቀልጥ ተብሎ የተሠራ ነው። ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት ይግላል፤ ኮረንቲው እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ያ ሙቀት የሽቦውን ፕላስቲክ አቅልጦ ከማዳበሪያው ኮርኒስና ከጣሪያው እንጨት ሳይደርስ ፊውዙ ይቀልጥና መስመሩን ይቆርጣል። ወፍራም መዳብ ስንጠመጥምበት ግን የሚቀልጠው ነገር ቦታውን ይለውጣል፤ ከሳጥኑ ወጥቶ ማንም ወደማያየው ግድግዳ ውስጥ ይገባል። ብሬከር ያስገባንም አልዳንም። ‹እየወረደ አስቸገረን› ብለን ባለ 16 አምፔሩን አውጥተን ባለ 32 ወይም ባለ 40 ስንተካ ሽቦው ያው የድሮው ቀጭን ሽቦ ነው። ብሬከሩ ሲወርድ ‹በዛብኝ› እያለን ነበር። አፉን ዘጋነው።

እነዚያ ቤቶች መስመር ሲዘረጋላቸው የሚጠበቅባቸው ጥቂት አምፖል ማብራት፣ ሬዲዮ ማስከፈትና ካውያ ማሞቅ ነበር። ዛሬ እንጀራ የምንጋግርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል። በ220 ቮልት ሲሰላ ከ16 እስከ 18 አምፔር መሆኑ ነው። በዚያው መስመር ላይ ስቶቩ ይለኮሳል፣ የውሃ ማሞቂያው ይሰካል፣ በአንድ ሶኬት ላይ ዲቫይደር በዲቫይደር ይቀጠላል። በየሳጥኑ ውስጥ ደግሞ ለዓመታት ያልጠበቀ ብሎን አለ። የላላ ብሎን ይግላል፣ ሲግል ይዝጋል፣ ሲዝግ ይበልጥ ይግላል። ብሬከሩ ይህን አያውቅም፤ የሚያልፈው ኮረንቲ ከልኩ እስካልበለጠ ድረስ ለእርሱ ሁሉም ሰላም ነው።

አሁን ደግሞ መኪናው መጣ። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ በ2016 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ በየግቢው የኤሌክትሪክ መኪና ማየት ብርቅ መሆኑ ቀርቷል። ደስ የሚል ነገር ነው። ነገር ግን ምጣድ ሁለት ሦስት ሰዓት ሠርቶ ያርፋል፤ መኪና ሌሊቱን ሙሉ፣ ሁላችንም ተኝተን ሳለ ይሞላል። ባለ 7 ኪሎ ዋት ቻርጀር 32 አምፔር ገደማ ይስባል። ያንን በመስኮት አሹልኮ ከሳሎን ሶኬት መሰካት ልጅ ሆኜ ከጠመጠምኩት ሽቦ የከፋ ነው።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ጉባ ላይ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨውን ግድብ አስመርቀናል። ቦንድ የገዛው ሊስትሮ፣ ከደመወዙ ያስቆረጠው አስተማሪ፣ ከጉልት ገበያዋ ቀንሳ የሰጠችው እናት ዓባይን መገደብ ከቻሉ የግቢያቸውን የቆጣሪ ሳጥን ማስተካከል አያቅታቸውም። ያ ኃይል ይህን ሁሉ መንገድ ተጉዞ ቤታችን የሚገባው በዚያች ሳጥን በኩል ነው።

ብቻዬን ላስተካክል የሚል ሰው ግን አይሳካለትም። በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቆጣሪ፣ አምስት ስድስት ቤተሰብ ይኖራል። አከራይ ‹ጭነቱ የተከራዮች ነው› ይላል። ተከራይ ‹ቤቱ የእኔ አይደለም፣ ነገ ለምወጣበት ምን አስወጣኝ› ይላል። የቀበሌ ቤት ነዋሪ ግድግዳውን ለመንካት ይፈራል። ሁሉም የየራሱ ምክንያት አለው፤ እሳት ግን ምክንያት አይሰማም። ቤቶቹ ጭቃና እንጨት ናቸው፣ ጣሪያቸው የተያያዘ ነው፣ በመካከላቸው ያለው መተላለፊያ የእሳት አደጋ መኪና አያስገባም። የጎረቤቴ ፊውዝ የእኔም ፊውዝ ነው።

ይህን ሁሉ ሰው የሚያገናኝ ተቋም ደግሞ አለን፤ ዕድር። ድንኳን ገዝተናል፣ ድስትና ወንበር አሟልተናል፣ በየወሩ ሳናጓድል እናዋጣለን። ሰው ሲሞትብን የማይነጣጠል ሰፈር፣ ሰው ሳይሞት በፊት ስለምን አይሰበሰብም? የዕድር ሰብሳቢዎች ሆይ፣ ከመዋጮው ላይ ጥቂት መድቡ። ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ቅጠሩና ቤት ለቤት ይዙር። ለሃያ ቤት በአንድ ጊዜ የሚሠራ ባለሙያ ለእያንዳንዱ ቤት ዋጋ ይቀንሳል። በየቤቱ ያገኘውን በወረቀት ያስፍር፤ የባሰው ቅድሚያ ያግኝ። መክፈል ለማይችሉት፣ ለብቻቸው ለሚኖሩ አረጋውያን፣ ዕድሩ ይሸፍን። አከራዮች፣ ወጪው የእናንተም ነው፤ የሚቃጠለው ቤታችሁ ነው። በሰፈሩ የቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች ካሉ ከባለሙያው ሥር ሆነው ያግዙ፤ ነገ ለሌላ ሰፈር ይተርፋሉ።

ሲሠራ ደግሞ በትክክል ይሠራ። ብሬከሩ በሽቦው ውፍረት ልክ ይሁን። ምጣድ ከቦርዱ ተነስቶ በቀጥታ የሚመጣለት የራሱ ወፍራም መስመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው። የመሬት መስመር ይቀበር። ደግሞም በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጠው የሰው መጠበቂያ ይግባ። ይህችን መሣሪያ አጥብቄ የምለምንላት ምክንያት አለኝ። ፊውዝና ተራ ብሬከር የሚጠብቁት ሽቦን ነው። የተላጠ ገመድ የነካ ሕፃን በሰውነቱ የሚያልፈው ኮረንቲ ሊገድለው ይችላል፤ ለባለ 16ቱ ብሬከር ግን ከቁጥር የማይገባ ትንሽ ስለሆነ ዝም ብሎ ያያል። ኮረንቲው ባልተለመደ መንገድ ወደ መሬት ሲሾልክ አይታ በዓይን ጥቅሻ የምትቆርጠው ይህቺ ናት። ዋጋዋን ከአንድ ልጅ የትምህርት ቤት ጫማ ጋር አናወዳድር።

እስከዚያው የማንም እጅ ሳጥን አይክፈት። ዓይን፣ አፍንጫና ጆሮ ይበቃሉ። ምጣድ ሲለኮስ አምፖሉ ይደክማል? ሶኬቱ ዙሪያውን ጠቁሯል? ከሳጥኑ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል ወይስ እንደ ንብ ይተማል? ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ አጥፉና ባለሙያ ጥሩ። እሳት ከተነሳም ኮረንቲ ባለበት ላይ ውሃ አትድፉ፤ በአዲስ አበባ 939 ደውሉ፣ ሰው አውጡ።

በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ አጀንዳው ሁሉ አልቆ ‹ሌላ ጉዳይ ያለው?› ሲባል እጃችሁን አውጡ። ‹የቆጣሪ ሳጥናችን ጉዳይ› በሉ። መጀመሪያ የሚታየው ቤት የእናንተ እንዲሆን ተመዝገቡ።