የ20 ዶላር ቦርድ ጋሸና እስኪደርስ

ጋሸና የአራት መንገድ መገናኛ ናት። በምሥራቅ ወልዲያ፣ በምዕራብ ደብረ ታቦር፣ በሰሜን ላሊበላ፣ በደቡብ ኮንና ደላንታ። እንዲህ ባለ መገናኛ ላይ የተከፈተ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሱቅ የሚያገለግለው የከተማዋን ነዋሪ ብቻ አይደለም። የገጠሩ ሶላር፣ የሆቴሉ ቴሌቪዥን፣ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ፣ የተማሪው ስልክ ሁሉ የሚመጣው ወደዚያው ነው።

አካባቢው በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ውስጥ አልፏል። ጋሸና በመንግሥት ኃይሎች እጅ መመለሷ የተነገረው ኅዳር 22 ቀን 2014 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ጊዜ ከላስታ እስከ ወልዲያ መብራት ለወራት ጠፍቶ ነበር። እንዲህ ባለ አገር ሶላርና ኢንቨርተር ቅንጦት አይደሉም፤ መብራት ሲጠፋ የሚደረስባቸው መጠባበቂያ ናቸው። መብራቱ ሲመለስም ኃይሉ ከፍና ዝቅ እያለ ስለሚመጣ መጀመሪያ የሚጎዳው በዕቃው ውስጥ ያለው ሰርኪት ቦርድ ነው።

የጠጋኙ መልስ አጭር ነው፤ «ቦርዱ ተቃጥሏል።» የባለቤቱም ጥያቄ ያው አንድ ነው፤ «ሌላ ቦርድ ስንት ነው?» ይህች ጥያቄ ቀላል ትመስላለች። መልሷ ግን ከጋሸና አይጀምርም። የሚጀምረው ከጉምሩክ ነው።

ስሌቱን በምሳሌ ማየት ይሻላል። አንድ የኢንቨርተር ቦርድ ውጭ አገር 20 ዶላር ይሸጣል እንበል። በአየር ለማስመጣትና ለመድን 30 ዶላር ይወጣል። የኢትዮጵያ ጉምሩክ ቀረጥ የሚያሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ አይደለም። የማጓጓዣና የመድን ወጪም ይደመራል። ስለዚህ የ20 ዶላሩ ቦርድ በመዝገቡ ላይ የ50 ዶላር ዕቃ ይሆናል።

በዚህ ላይ የጉምሩክ ቀረጡ 10 በመቶ ቢሆን 5 ዶላር ነው። ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ የሚሰላው ቀረጡ ከተደመረ በኋላ ነው፤ 8 ዶላር ከ25 ሳንቲም ይሆናል። ሱር ታክስ 10 በመቶ ደግሞ በእነዚህ ሁሉ ድምር ላይ ይመጣል፤ 6 ዶላር ከ30 ሳንቲም ገደማ። በቅርብ ዓመታት የተጨመረው የማኅበራዊ ልማት ቀረጥ 3 በመቶ፣ ቅድሚያ የሚያዘው የገቢ ግብርም 3 በመቶ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ላይ 3 ዶላር። ድምሩ ከ22 ዶላር ይበልጣል። ግብሩ ከቦርዱ ዋጋ በለጠ ማለት ነው።

አንዳንዱ «ቀረጡን ዜሮ ማድረግ ነው መፍትሔው» ይላል። ስሌቱ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። የጉምሩክ ቀረጡ ዜሮ ቢሆን እንኳ፣ ሌሎቹ ሳይነኩ ከቀሩ፣ በ100 ብር ላይ 32 ብር ከ50 ሳንቲም ይከፈላል። ታክስ በታክስ ላይ እየተደራረበ ስለሚሰላ አንዱን ብቻ መንካት ብዙ አያቀልም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ሌላ ጭማሪ መጣ። ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ዋጋው ከእጥፍ በላይ ሆነ። የቀረጡ መቶኛ አልተለወጠም። ነገር ግን መቶኛው የሚሰላበት ብር ስላደገ የሚከፈለውም አብሮ አደገ። ያ ሁሉ የሆነው ማንም የቀረጥ ጭማሪ ሳያውጅ ነው።

ገንዘቡ አንድ ነገር ነው፤ አሠራሩ ሌላ ነው። አንድ ቦርድ በየትኛው የታሪፍ ቁጥር ይገባል? ዓለም አቀፉ የዕቃ አመዳደብ ምንም ያልተገጠመበትን ባዶ ቦርድ በ8534፣ ቺፑን በ8542 ያስቀምጠዋል። ክፍሎቹ የተገጠሙለት ቦርድ ግን ብዙውን ጊዜ የሚመደበው በሚገባበት ዕቃ ነው። የስልክ ከሆነ በ8517፣ የቴሌቪዥን ከሆነ በ8529፣ የኮምፒውተር ከሆነ በ8473፣ የኢንቨርተር ከሆነ በ8504 ሥር ይፈለጋል። ለዓይን ሁሉም አንድ ዓይነት አረንጓዴ ሰሌዳ ነው። መዳቢው «ይህ የቴሌቪዥን ነው» ካለ አንድ ሂሳብ፣ «የኮምፒውተር ነው» ካለ ሌላ ሂሳብ ሊመጣ ይችላል። አስመጪው ዕቃው ቦሌ ከመድረሱ በፊት ስንት እንደሚከፍል በእርግጠኝነት ካላወቀ ዋጋ ተምኖ መሸጥ አይችልም።

በዚያ ላይ የንግድ ፈቃድ፣ የባንክ ፈቃድ፣ የዋጋ ደረሰኝ፣ የማሸጊያ ዝርዝር፣ የማጓጓዣ ሰነድ፣ መድን፣ ትራንዚተር አለ። ሞገድ የሚያስተላልፍ የቴሌኮም ዕቃ ሲሆን ደግሞ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ይጨመራል። በ2012 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኤሌክትሮኒክ አንድ መስኮት አገልግሎት በየመሥሪያ ቤቱ መዞርን ለመቀነስ የታሰበ ጥሩ እርምጃ ነው። ግን መስኮቱ አንድ መሆኑ የሰነዶቹን ቁጥር አይቀንስም። አንድ ኮንቴይነር ለሚያስመጣ ነጋዴ ይህ ወጪ በሺህ ዕቃ ላይ ይከፋፈላል። አምስት ቦርድ ለሚፈልግ ጠጋኝ ግን ሁሉም በአምስቱ ላይ ያርፋል።

ስለዚህ ጠጋኙ ያለው ምርጫ ሁለት ነው። አንደኛው በመንገደኛ ሻንጣ የገባውን ከመርካቶ መግዛት፤ ዋስትና የለውም፣ ደረሰኝ የለውም፣ መንግሥትም አንድ ሳንቲም አያገኝበትም። ሁለተኛው ከሞተ ዕቃ ላይ ቦርድ ነቅሎ መግጠም፤ ለሳምንታት ይሠራል፣ ከዚያ ተመልሶ ይመጣል። ሦስተኛ ምርጫ ካለ የባለቤቱ ነው፤ ዕቃውን ጥሎ አዲስ መግዛት። በጥቂት ዶላር ቦርድ የሚድን ኢንቨርተር ይጣልና ሌላ ሙሉ ኢንቨርተር በውጭ ምንዛሪ ይገባል። ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ፣ በቦርዱ ላይ የተሰበሰበው ቀረጥ ይታያል፤ ባልተጠገነው ዕቃ ምትክ የወጣው ዶላር አይታይም።

መንግሥት የክፍልን ዋጋ አያውቅም ማለት አይደለም። ለአገር ውስጥ ገጣጣሚዎች ግብዓት በዝቅተኛ ቀረጥ ወይም በነፃ እንዲገባ ማበረታቻ ይሰጣል። የኤሌክትሪክ መኪና ማበረታቻ ሲወሰንም ሙሉ በሙሉ ተበታትኖ ለሚገባው ዜሮ፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5፣ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ ቀረጥ ተመድቦ ነበር። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ክፍል አስመጥቶ እዚህ የሚሠራ ሰው ሙሉ ዕቃ ከሚያስመጣው ያነሰ ይክፈል። ታዲያ ጠጋኝስ ከዚህ የተለየ ምን ይሠራል? ክፍል አስመጥቶ እዚህ አገር በእጁ ይሠራል። ልዩነቱ ፋብሪካ የለውም፤ ያለው አንድ ጠረጴዛ ነው።

የሚቃወም ሰው የሚያነሳው ክርክር ቀላል አይደለም። አገሪቱ ከኢኮኖሚዋ የምትሰበስበው ግብር አነስተኛ ነው፤ እያንዳንዱ ነፃ መብትም ቀዳዳ ይሆናል። «መለዋወጫ» ተብሎ ሙሉ ስልክ ተበታትኖ ሊገባ ይችላል። ይህ ስጋት እውነት ነው። ግን ስጋቱ የሚመለሰው በቁጥጥር ነው እንጂ ትንሹን ከትልቁ ጋር አንድ ላይ በመቅጣት አይደለም። ሦስት ነገር ብቻ ቢደረግ ብዙ ይለወጣል።

አንደኛ፣ ለጥገና ለሚውሉ ቦርዶችና ቺፖች ሱር ታክሱና የማኅበራዊ ልማት ቀረጡ ይነሳ፤ ተጨማሪ እሴት ታክሱ ይቆይ። ሁለተኛ፣ በዓመት በተወሰነ የገንዘብ ጣሪያ፣ የጥገና ንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ ቁጥር ላለው ሰው፣ በአንድ ገጽ መግለጫ የሚያልፍበት አጭር መንገድ ይከፈት። ጣሪያው ቀዳዳውን ይዘጋል። ሦስተኛ፣ በብዛት የሚመጡት ቦርዶች በየትኛው ታሪፍ እንደሚመደቡ ከነሥዕላቸው በአማርኛ ይታተምና ሁሉም አስቀድሞ ይወቀው።

ይህ ለኢትዮጵያ ብቻ የሚነገር ወግ አይደለም። በ1996 እ.ኤ.አ. ሲንጋፖር ላይ በተደረሰው የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ስምምነት የገቡ አገሮች በሰርኪት ቦርድና በቺፕ ላይ ያለውን የጉምሩክ ቀረጥ አንስተዋል። ከአፍሪካ ግብፅ፣ ሞሮኮና ሞሪሺየስ ገብተውበታል። ኢትዮጵያ ወደ ዓለም ንግድ ድርጅት ለመግባት ስትደራደር ይህ ጥያቄ ከጠረጴዛው ላይ አይጠፋም። ነገ በድርድር ከመስጠት ዛሬ ለራስ ሲሉ ማድረግ ይሻላል።

ከአዲስ አበባ ሲታይ የቦርድ ቀረጥ ትንሽ መስመር ነው። ጋሸና ላይ ግን መንገዱ ሲዘጋ ዕቃ አይመጣም፤ ሲከፈትም የሚመጣው በመርካቶ ዋጋ ላይ የመኪናው ተጨምሮበት ነው። ሥራውን የለመደ እጅ አለ፣ የተበላሸው ዕቃም አለ፤ የጎደለው በመካከል ያለው ሰሌዳ ነው። ያ ወጣት ጠረጴዛውን ዘግቶ ከተማዋን የለቀቀ ቀን ከቀረጡ የተሰበሰበው ገንዘብ አይመልሰውም።