ኑዛዜ ሟርት አይደለም

በብዙዎቻችን ቤት ስለ ኑዛዜ ማንሣት እንደ ሟርት ይቆጠራል። ባል «እኔ ድንገት ብሞት ይህ ቤት...» ብሎ ሲጀምር ሚስት «እባክህ ክፉ አታውራ!» ብላ ታቋርጠዋለች። ሚስት ብትጀምርም የሚጠብቃት መልስ ይኸው ነው። ስለዚህ ነገሩ ሳይነገር ዓመታት ያልፋሉ። የሚነገርበት ቀን ሲደርስ ደግሞ ዋናው ተናጋሪ በሕይወት የለም። የዕድሩ ድንኳን ተነቅሎ፣ የሟች አርባ ሳይወጣ የንብረት ጭቅጭቅ ይጀመራል።

ለመሆኑ ሚስት ባሏን ትወርሳለች? ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ «እንዴታ! እሷ ያልወረሰች ማን ይወርሳል?» ትሉ ይሆናል። ሕጉ የሚለው ግን ሌላ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ኑዛዜ ሳያደርግ የሞተን ሰው የሚወርሱትን በተራ ሲዘረዝር በመጀመሪያ ልጆቹን ያስቀምጣል፤ እነርሱ ከሌሉና ተወላጅም ካልተዉ አባትና እናቱን ያስከትላል። ከዚያም ወደ ሌሎች የሥጋ ዘመዶች ይሄዳል። በዚህ ተራ ውስጥ ሚስትም ሆነች ባል አይገኙም።

ይህ ማለት ግን ሚስት ባዶ እጇን ከቤት ትወጣለች ማለት አይደለም። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ በሚሠራበት በ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ መሠረት፣ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብ እንኳ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው። ብዙ ክልሎችም የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። ከጋራው ንብረት ግማሹ የሚስት የራሷ ድርሻ እንጂ ውርስ አይደለም፤ ማንም አይሰጣትም፣ ማንም አይነሣትም። ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት አብረው ለኖሩም በዚያ ጊዜ ያፈሩት ሀብት የጋራ የሚሆነው ኑሯቸው ከሦስት ዓመት ያላነሰ እንደሆነ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ባልና ሚስት ደመወዛቸውን አጠራቅመው፣ ዕቁብም ጥለው አንድ ቤት ሠሩ እንበል። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ ባል ደግሞ ከጋብቻው በፊት የወለደው አንድ ልጅ አለው። ባል ኑዛዜ ሳያደርግ ቢሞት የቤቱ ግማሽ የሚስት ነው። የቀረው ግማሽ ለሦስቱ ልጆች እኩል ይከፈላል፤ እያንዳንዱ የቤቱን አንድ ስድስተኛ ያገኛል። ወንድ ሆነ ሴት፣ በጋብቻ ተወለደ ከጋብቻ ውጭ፣ ልዩነት የለውም። ባልና ሚስቱ ልጅ ባይኖራቸው፣ ባልም ከሌላ ባይወልድ ኖሮ ደግሞ ሚስት ያንኑ ቤት ከአማቶቿ ጋር መካፈል ይመጣባታል። ቤቱ ባል ከጋብቻ በፊት ያፈራው የግል ሀብቱ ቢሆንስ? እንዲያማ ከሆነ ቤቱ በሙሉ ለወራሾቹ ይሄዳል። ሃያ ዓመት የጠረገችው፣ ያደሰችው፣ ልጆች ያሳደገችበት ቤት መሆኑ ብቻውን ወራሽ አያደርጋትም።

ይህን መለወጥ የሚችለው ኑዛዜ ነው፤ ያውም በደንቡ የተደረገ ኑዛዜ።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሕመምተኛው ጎረቤትና ንስሐ አባት በተሰበሰቡበት «ቤቱን ለሚስቴ ሰጥቻለሁ» ይላል። ሰሚው ብዙ ስለሆነ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ይሁን እንጂ በሁለት ምስክሮች ፊት በቃል የሚደረግ ኑዛዜ የሚያገለግለው ለሥርዓተ ቀብር፣ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች አስተዳደግና ከ500 ብር ለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። ዛሬ 500 ብር ምን እንደሚገዛ ገበያ የምትወጡት እናንተ ታውቁታላችሁ። ተናዛዡ ከበሽታው ድኖ ሦስት ወር ከኖረም የቃሉ ኑዛዜ ይፈርሳል። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የተባለው በከንቱ አይደለም።

በጽሑፍ ለማድረግ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ተናዛዡ ራሱ ወይም ሌላ ሰው እሱ ሲናገር ጽፎት፣ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ወዲያውኑ ሁሉም የሚፈርሙበት ነው። በፊታቸው መነበቡና ቀኑ በጽሑፉ ላይ መጠቀስ አለበት፤ ይህች አንዲት መስመር በመቅረቷ ኑዛዜው ፍርድ ቤት ሲቀርብ ሊወድቅ ይችላል። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። ሁለተኛው መንገድ ተናዛዡ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በገዛ እጁ የሚጽፈው ነው። ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ይናገር፤ በየገጹም ቀንና ፊርማ ይኑረው። ይህኛው በተጻፈ በሰባት ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። ፍራሽ ሥር ተደብቆ የሚቀር ወረቀት ማንንም አይጠቅምም።

ከዚህም ሌላ የሚከተሉትን አትርሱ። ባልና ሚስት ፍቅራቸው ቢጸናም በአንድ ወረቀት በጋራ መናዘዝ አይችሉም፤ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይጻፉ። ልጅን ከውርስ መንቀል የሚቻለው በግልጽ ተነግሮ፣ ምክንያቱም በኑዛዜው ላይ ተጽፎ ነው። የሚጠቀመውን ሰው ምስክር አለማድረግ ከኋላ ሐሜትና ክስ ያድናል። በሟች ምክንያት ለቤተሰቡ የሚሰጥ የጡረታ አበል ግን ከውርሱ ጋር አይደባለቅም። «አንዴ ከጻፍኩ ታሰርኩ» ብላችሁም አትሥጉ፤ ተናዛዥ በሕይወት እስካለ ድረስ ኑዛዜውን መሻር ወይም በሌላ መለወጥ ይችላል።

እንግዲህ እኅቶች፣ ዛሬ ማታ ቡናው ሲፈላ ይህን ነገር ከባለቤታችሁ ጋር አንሡት። የጋራ የሆነውንና የግል የሆነውን ለዩ፤ የጋብቻ ማስረጃችሁን፣ የቤት ካርታውንና ደረሰኙን በአንድ ቦታ አኑሩ። ከዚያም ሰዎች በተለምዶ ውልና ማስረጃ ወደሚሉት መሥሪያ ቤት ወይም ወደ ሕግ ዐዋቂ ሄዳችሁ ኑዛዜውን በደንቡ አስጽፉ። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ ነውና፣ ሁለታችሁም በጤና ሳላችሁ የምትነጋገሩት ነገር ልጆቻችሁን ነገ በፍርድ ቤት ደጃፍ ከመቆራቆስ ያድናቸዋል።