ኬጁን ለበያጁ መልሼ ሸጥኩት

ቡቺ ክራንቻውን የሰበረው እኔ ባሠራሁለት ኬጅ ላይ ነው። ከቱቦላሬና ከፌሮ፣ ልኩን ራሴ ስዬ፣ በያጁ አጠገብ ቆሜ ያሠራሁት ኬጅ። ማዕዘኑ ዝንፍ አይልም፤ መሐንዲስ አይደለሁ? ዩቲዩብ ላይ የሚያስተምሩት አሜሪካውያን «ውሻ በተፈጥሮው ዋሻ ይወዳል፣ ኬጁ ዋሻው ነው» ሲሉ አመንኳቸው። አንድ ቀን ማታ ከሥራ ስመለስ ፌሮው ላይ ደም ደርቆ አገኘሁ።

ስለዚህ ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። መጀመሪያ በራሴ። ቀጥሎ ግን በሁለት ወገን ሰዎች፦ «ውሻ ነው፣ እሰረው!» በሚለውና፣ ስልኩ ላይ ያየውን ሁሉ እንዳለ ገልብጦ ባሕር ዳር ላይ በሚጭነው፣ ማለትም በእኔ ቢጤ።

ቡቺን ያገኘሁት ጣና ዳር፣ ዓሣ የሚጠበስበት አካባቢ ነው። አንድ ዓመት ያልሞላው፣ የጎኑ አጥንት የሚቆጠር፣ እሾህ ሲለቅም የሚውል ውሻ ነበር። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስወጋሁት (ሐኪሙ ዘንድ ተራ የጠበቅነው ከአንዲት ጊደርና ከሁለት በጎች ኋላ ነው)። ከዚያ ለሦስት ሳምንት ከቤት ስሠራ እግሬ ሥር ተኝቶ ዋለ። በአራተኛው ሳምንት ቢሮ ገባሁ። ማታ ስመለስ አከራዬ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ውሻ ሰው ሞቶበታል እንዴ? ቀኑን ሙሉ ሙሾ ሲያወርድ ዋለ እኮ!»

የሰፈሩ ምክር አንድ ዓይነት ነበር፤ ግረፈው፣ ጥፋቱን ያውቃል። በሩን ቧጥጦ ፍራሼን ቀዶ ሳገኘው አንገቱን ደፍቶ፣ ጆሮውን አጣጥፎ ያየኛልና እኔም የሚያውቅ መስሎኝ ነበር። አያውቅም። አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የምትባል የውሾች ተመራማሪ በ2009 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ጥናት ይህንኑ ፈትኗል፦ ያ «ጥፋተኛ» ፊት ጎልቶ የሚታየው ውሻው ሲያጠፋ ሳይሆን ባለቤቱ ሲቆጣው ነው፤ ምንም ያላጠፋውም ውሻ ሲቆጡት ያንኑ ፊት ያሳያል። ቡቺ እንግዲህ የሚያነበው የእኔን ፊት ነበር። በዱላ ብመታው የሚማረው አንድ ነገር ነው፦ ይሄ ሰውዬ መሄዱም መመለሱም ያስፈራል።

አለመምታቴን እንደ ትልቅ ነገር ቆጥሬ ኬጁን አሠራሁ። ጥርሱ ከተሰበረ በኋላ ነው አሮጌ ስልኬን መስኮት ላይ አስቀምጬ የቀረጽኩት። (ሎግ ሳያይ ኮድ የሚነካካ ጁኒየር ሥራ ቦታ ቢገጥመኝ ቀድሜ የምቆጣው እኔ ነኝ።) በሩን ከዘጋሁ አራት ደቂቃ አልሞላም፣ ማለክለክ ጀመረ። ለሃጩ ይንጠባጠባል፣ ይሽከረከራል፣ ከዚያ ፌሮውን መንከስ። ያስቀመጥኩለትን ሥጋ አልነካውም። ይህ ድብርት ወይም ጥጋብ አይደለም፣ ድንጋጤ ነው። የደነገጠን ፍጡር ጠባብ ቦታ ሲቆልፉበት ድንጋጤው የትም አይሄድም፤ ጥርሱና ጥፍሩ ላይ ይወጣል።

ኬጅ ሁሉ ክፉ ነው አልልም። በሩ ክፍት ሆኖ ውሻው ወዶ የሚተኛበት፣ ወይም ሐኪም ጋ የሚወሰድበት ከሆነ ምን ገዶኝ። ግን ቪዲዮዎቹ ዓለም ሁሉ የተስማማበት ነገር ያስመስሉታል። ስዊድንና ፊንላንድ ውሻን ቤት ውስጥ በኬጅ ቆልፎ ማዋልን በሕግ ከልክለዋል፤ የሚፈቀደው እንደ ጉዞ ላለ የተለየ ምክንያት ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ግን ይሄ ነው። የአሜሪካው ኬጅ የተሠራው ለአሜሪካው ችግር ነው፦ ጠዋት ሁሉም ወጥቶ ባዶ ለሚውል፣ ምንጣፍ ለለበሰ ቤት። የእኛ ግቢ መቼ ነው ባዶ የሚውለው? ልብስ የሚያጥብ አለ፣ ሽሮ የሚያሰጣ አለ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ አለ፣ ቡና አለ። ግቢው በሰው ተሞልቶ ሳለ እኔ ውሻዬን ክፍሌ ውስጥ፣ ፌሮ ውስጥ ቆልፌ እሄዳለሁ! የሌላ አገር ብቸኝነትን በገንዘቤ አሠርቼ አመጣሁለት።

የእሰረው ወገን ደግሞ ደስ አይበለው። ቀን በአጭር ሰንሰለት፣ በመጋቢት ፀሐይ የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ፤ ሌሊት ተፈትቶ «ጠብቅ»። ውሻ እንደ እኛ በመላ አካሉ አያልብም፤ ሙቀቱን የሚያስወጣው በዋናነት በማለክለክ ነው። የጋለ ቆርቆሮ ሥር ያንን የጋለ አየር መልሶ ይተነፍሰዋል። እንዲህ የዋለ ውሻ ነው ማታ በር ተከፍቶ ሲያመልጥ ልጅ የሚነክሰው።

«ሰው በተፈናቀለበት ክልል፣ ተኩስ እየተሰማ፣ አንተ ስለ ውሻ ጭንቀት?» ያለኝ ጓደኛ አለ። ጥያቄው ይገባኛል፣ ያሳፍረኛልም። ግን ሰዓቱን ለቡቺ ባልሰጠው ለተፈናቃይ እሰጠው ነበር ብል ውሸት ነው፤ ስልኬ ላይ ነበር የማጠፋው። ደግሞም ነገሩ የሰው ጉዳይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶ ወደ ሰው የሚተላለፈው በውሻ ነው፤ አለበት ተብሎ በተጠረጠረ እንስሳ ከሚነከሱት ደግሞ 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ናቸው። የተከተበና ሰው የለመደ ውሻ ለሰፈሩም ይሻላል።

የሠራው ነገር አሰልቺ ነው። ቁልፌን አንስቼ አልወጣም፤ ቁጭ እላለሁ። ጫማዬን አድርጌ ሽሮ እሠራለሁ። ቁልፍና ጫማ ምንም ማለት እንዳልሆኑ ሲገባው ለአምስት ሰከንድ ወጥቼ እመለሳለሁ። ከዚያ ሃያ፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ። ማለክለክ ከጀመረ ቸኩያለሁ ማለት ነው፣ ወደ ኋላ እመለሳለሁ። ይህን እያስተማርኩት በመሃል ብቻውን ስምንት ሰዓት ትቼው ብሄድ ሁሉም ይፈርሳል፤ ስለዚህ ቢሮ በምገባበት ቀን የሚውለው አከራዬ ዘንድ ነው። መጀመሪያ «ውሻ በረንዳዬን አይረግጥም!» ብለው ነበር። አሁንም ቤት አያስገቡትም። ግን ቡናው ሲፈላ ደረጃው ሥር ይተኛል፤ እሳቸውም «ተነስ አንተ፣ ጀበናውን ትደፋዋለህ» ይሉታል እንጂ አያባርሩትም።

ኬጁን በያጁ በግማሽ ዋጋ ወሰደው፤ ዶሮ ሊያደርግበት ነው። ቡቺ ጥርሱ ከተነቀለ ወዲህ አጥንት በግራ በኩል ብቻ ይቆረጥማል። ብቻውን ትናንት 35 ደቂቃ ደርሰናል። ዛሬ መብራት ጠፍቶ ጄኔሬተር ሲነሳ ደነገጠና 12 ላይ ተመለስን።