እቅፍ ብቻውን አይበቃም

 

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምንነጋገረው ስለ አጽዋማት፣ ስለ በዓላትና ስለ ገዳማችን ሥርዓት ነው። ዛሬ ግን ስለ መኪና ቀበቶ እንጽፋለን። ርእሱን ያመጣችልን በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች የምትኖር አንዲት እኅታችን ናት። የዓመት ፈቃድ አግኝታ ከአጅማን መጣች፤ ሱባዔዋንም ፈጽማ ለመሰናበት በቀረበች ጊዜ አንድ ጥያቄ ጠየቀችን። በምትሠራበት ቤት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሕፃን አለ። ቤተሰቡ ወደ ሻርጃ ወይም ወደ ዱባይ ሲወጣ እርሷ በኋላ ወንበር ትቀመጣለች። ሕፃኑ የራሱ መቀመጫ አለው፤ ነገር ግን ማልቀስ ሲጀምር ማዳሟ «አንሥተሽ እቀፊው» ትላታለች። «እኔ አጥብቄ ነው የምይዘው፤ ድንገት ግጭት ቢመጣ ግን ክንዴ ይበቃል ወይ? አንድ ነገር ቢሆንብኝስ በእግዚአብሔር ፊት የምጠየቀው እኔ ነኝ ወይስ እናቱ?» አለችን።

ሁለተኛውን ጥያቄ ወደ መጨረሻ እናቆየውና ለመጀመሪያው መልስ እንስጥ። አይበቃም። የማንም ክንድ አይበቃም፤ የእናትም፣ የአባትም፣ የጎበዝ ወጣትም ቢሆን።

ምክንያቱን በቀላል ስሌት እንመልከት። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከግንብ ጋር ቢጋጭ የፊተኛው አካሉ እየተጨማደደ በግማሽ ሜትር ያህል ርቀት ውስጥ ይቆማል። በውስጡ ያለው ሰው ግን የሚይዘው ነገር ከሌለ በዚያው በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ ፊት ይወረወራል። ይህ ፍጥነት አንድ ሰው ከ10 ሜትር ከፍታ፣ ማለትም ከሦስተኛ ፎቅ፣ ወድቆ መሬት ሲነካ ከሚኖረው ፍጥነት ጋር እኩል ነው። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በዚያች ቅጽበት ከእጅ እንዳይወጣ ለመያዝ የሚያስፈልገው ጉልበት 200 ኪሎ ያህል ነው። በእኛ አነጋገር ሁለት ኩንታል ጤፍ ማለት ነው፤ ያውም ከአንድ ሴኮንድ አንድ ዐሥረኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ ሳይዘጋጁ። የመኪናው ፍጥነት ወደ 100 ሲያድግ ደግሞ የግጭቱ ኃይል እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል።

ያቀፈው ሰው ራሱ ቀበቶ ካላሰረ ጉዳቱ ይከፋል። ወደ ፊት ሲወረወር የገዛ ክብደቱ ሕፃኑን ከፊት ወንበር ጋር ያጣብቀዋል፤ ሊጠብቀው ያቀፈው ሰው የሚደቁሰው እርሱ ይሆናል። አንዱን ቀበቶ በራስና በሕፃኑ ላይ ደርቦ ማሰርም እንዲሁ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው አንድ ቀበቶ፣ አንድ ሕፃን አንድ መቀመጫ ይሁን።

ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው በእነዚህ ሦስት ከተሞች ይህ በየዕለቱ የሚያጋጥም ነገር ነው። ብዙዎች ቤት ኪራይ ረከስ ስለሚል በአጅማንና በሻርጃ እያደሩ በዱባይ ይሠራሉ። በኢቲሓድ መንገድ ወይም በሼክ ሙሐመድ ቢን ዛይድ መንገድ ጠዋት ይሄዳሉ፣ ማታ ይመለሳሉ። በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት መኪናው ይንፏቀቃል፤ ሌሊት ግን በሰዓት 100 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ይነዳል። ለቅዳሴና ለማኅሌት የሚደረገው ጉዞ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በዚህ በሌሊቱ ሰዓት ነው። «ካር ሊፍት» በሚሉት የጋራ መኪና ተሳፍረው፣ ሌሊቱን ቆመው ያነጉ ምእመናን ገና መኪናው ሳይነሣ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ያንቀላፋ ሰው ፍሬን ሲያዝ መደገፊያ እንኳ አይጨብጥም።

የሀገሩ ሕግ በዚህ ጉዳይ ግልጽ ነው። ከሐምሌ 1 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ማለትም በእኛ አቆጣጠር ከሰኔ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በጋቢና ብቻ ሳይሆን በኋላ ወንበር የሚቀመጥም ሁሉ ቀበቶ እንዲያስር ታዝዟል። አንድ ተሳፋሪ ሳያስር ቢገኝ 400 ድርሃምና 4 የጥፋት ነጥብ የሚመዘገበው በሾፌሩ ላይ ነው። ዕድሜው እስከ 4 ዓመት የሆነ ልጅ በሕፃናት መቀመጫ መቀመጥ ይኖርበታል። በጋቢና ለመቀመጥም ልጁ ቢያንስ 10 ዓመት የሞላውና ቁመቱ 145 ሴንቲ ሜትር የደረሰ መሆን አለበት። ሕጉ በዱባይም፣ በሻርጃም፣ በአጅማንም አንድ ነው።

ማሰር ብቻም አይበቃም፤ አስተሳሰሩን ማወቅ ያሻል። ዛሬ የምናስረውን፣ በትከሻና በወገብ አልፎ በሦስት ቦታ የሚያያዘውን ቀበቶ በ1959 እ.ኤ.አ. የሠራው ኒልስ ቦሊን የተባለ የቮልቮ መሐንዲስ ነው። ፋብሪካውም ሌሎች ሁሉ እንዲሠሩበት ፈቀደ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው ቀበቶ ማሰር በመኪና ውስጥ ያለን ሰው የሞት አደጋ እስከ ግማሽ ድረስ ሊቀንስ ይችላል። ይህን የሚያደርገው ግን በሰውነታችን ጠንካራ አጥንቶች ላይ ሲያርፍ ነው። የታችኛው ክፍል በሆድ ላይ ሳይሆን ዝቅ ብሎ በዳሌ አጥንት ላይ ይተኛ። የላይኛው በትከሻ መካከልና በደረት ላይ ይለፍ፤ አንገትን አይንካ፣ በብብት ሥርም አይግባ። እርጉዝ እናቶች የታችኛውን ከሆዳቸው በታች፣ የላይኛውን በጡቶቻቸው መካከል አሳልፈው ይሰሩ፤ ለፅንሱም የሚበጀው ይህ ነው።

እዚህ ላይ ለእኛ ብቻ የሚነገር ምክር አለ። ነጠላችንንና ጋቢያችንን እንደተከናነብን ከላያቸው ስናስር ቀበቶው ላልቶ ይቀራል፤ በግጭት ጊዜ ልብሱ ሲጨማደድ ሰውነታችን በዚያው ልክ ወደ ፊት ይሄዳል። ስለዚህ ቀበቶው ከነጠላው በታች ይታሰር፤ ነጠላው ከላይ ይደረብ። አባቶችም ካባውን ወይም በርኖሱን ገልጠው ቢያስሩ ክብራቸው አይቀንስም።

ወደ ሕፃናት እንመለስ። የሕፃን ራስ ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ከባድ ነው፤ አንገቱም ገና አልጠነከረም። ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ የተቀመጠ ሕፃን በግጭት ጊዜ ራሱ ወደ ፊት ይወነጨፋል። ፊቱን ወደ መኪናው ኋላ ካዞረ ግን ጀርባው፣ አንገቱና ራሱ አንድ ላይ በመቀመጫው ላይ ያርፋሉ። ስለዚህ መቀመጫው የፈቀደውን ክብደትና ቁመት እስኪያልፍ ድረስ ወደ ኋላ ዞሮ ቢቀመጥ ይመረጣል። መቀመጫውን ከገጠማችሁ በኋላ ቀበቶው በሚያልፍበት በኩል ይዛችሁ ወዝውዙት፤ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰ አልጠበቀም። የልጁን ማሰሪያ በትከሻው ላይ በሁለት ጣት ቆንጥጡት፤ ከተቆነጠጠ ላልቷል። ያገለገለ መቀመጫ የምትገዙ ከሆነ ታሪኩን ከምታውቁት ሰው ብቻ ግዙ፤ አንድ ጊዜ ግጭት ያየ መቀመጫ ስንጥቁ ባይታይም አይታመንም። በበጋው ሐሩር ደግሞ የማሰሪያው ብረት ሕፃኑን እንዳያቃጥለው አስቀድማችሁ በእጃችሁ ዳስሱት። ልጅን ለአፍታም ቢሆን በቆመ መኪና ውስጥ ብቻውን አትተዉ።

ስለ አየር ከረጢቱም ጥቂት እንበል። ከመሪው ውስጥና ከጋቢናው ፊት ለፊት የሚፈነዳው ይህ ከረጢት ዓይን ተጨፍኖ ከሚገለጥበት ጊዜ ይልቅ ይፈጥናል፤ የሚወጣውም በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት ነው። የተሠራው ቀበቶ ያሰረን ሰው እንዲረዳ እንጂ ቀበቶን እንዲተካ አይደለም። ያላሰረ ሰው ከረጢቱ ገና እየተነፋ ሳለ ይደርስበትና ይመታዋል። ሾፌሩ በደረቱና በመሪው መካከል ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር ይተው። ወደ ኋላ የዞረ የሕፃን መቀመጫ የሚሠራ ከረጢት ባለበት ጋቢና ፈጽሞ አይቀመጥ፤ ከረጢቱ መቀመጫውን ከኋላው መትቶ ሕፃኑን ሊገድለው ይችላል። እኛ ደግሞ አባቶች በጋቢና ተቀምጠው መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መካከል ሲያቆሙ፣ የእጅ መስቀላቸውን በደረታቸው ፊት ሲይዙ አይተናል። ከረጢቱ ቢፈነዳ መቋሚያው እንደ ጦር ይመለሳል። መቋሚያው በመኪናው ወለል ላይ ይጋደም፤ መስቀሉም በማኅደሩ ይቀመጥ።

ከዱባይና ከሻርጃ ገበያ ያገለገለ መኪና ገዝታችሁ ወደ ሀገር የላካችሁ፣ ወይም እዚያው የምትነዱ፣ ሁለት ነገር መርምሩ። አንደኛ፣ መኪናው ሲነሣ የአየር ከረጢቱ ምልክት በርቶ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ መጥፋት አለበት። ከቶ ካልበራ ወይም በርቶ ከቀረ ችግር አለ፤ ምናልባትም ከረጢቱ ቀድሞ ፈንድቶ አልተተካም። ሁለተኛ፣ ታካታ የተባለው የጃፓን ፋብሪካ የሠራቸው ከረጢቶች ሙቀትና እርጥበት ለረጅም ጊዜ ሲፈራረቅባቸው ሲፈነዱ ብረት የሚበትኑ ሆነው ተገኝተዋል። በዚህም ምክንያት በመላው ዓለም በዐሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ መኪኖች ለጥገና ተጠርተዋል። የመኪናችሁን የሻንሲ ቁጥር ይዛችሁ የፋብሪካውን ወኪል ጠይቁ፤ እንዲህ ያለው ጥሪ ጥገናው ያለ ክፍያ ነው።

«እግዚአብሔር ካልጠበቀ ቀበቶ ምን ያደርጋል?» የሚሉ ወገኖች አሉን። እግዚአብሔር ካልጠበቀ ምንም ነገር እንደማይጠቅም እኛም እናምናለን። ነገር ግን ያው እግዚአብሔር በኦሪት ዘዳግም አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም እንዳይወድቅበት በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያቆም አዝዟል። ጌታችንም ከቤተ መቅደሱ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር በተፈተነ ጊዜ፣ መላእክት እንደሚጠብቁት እያወቀ አልወረወረም። ቀበቶ ማሰር እምነት ማጣት አይደለም። በመኪና ስንሄድ ለሰገነቱ የምናቆመው መከታ ነው።

አሁን ወደ እኅታችን ሁለተኛ ጥያቄ እንመለስ። አባቶች የመለሱላት እንዲህ ነበር፤ ትልቁ ኃላፊነት በሾፌሩና በወላጆቹ ላይ ነው። በሰው ቤት ያለች ሠራተኛ የማትችለውን እግዚአብሔር አይጠይቃትም። የምታውቀውን መናገር ግን ትችላለች። ከቤት ከመውጣታቸው በፊት ሕፃኑን አጥብተው ወይም አብልተው፣ ልብሱን ቀይረው በመቀመጫው ያስሩት፤ እርሷም ትሰር። ሲያለቅስ ከጎኑ ሆና እጁን ትያዝ፣ ታባብለው። ካልተቻለ መኪናው በደኅና ቦታ ቆሞ ይታቀፍና ተመልሶ ይታሰር። ዐረብኛው ባይሞላላት «ሂዛም» ማለት ቀበቶ፣ «ኩርሲ» ማለት መቀመጫ መሆኑን ታውቃለችና እነዚህን ቃላት በትሕትና ትበል፤ ቅጣቱ በሾፌሩ ላይ እንደሚወድቅም ታስታውሳቸው። ማዳሟ የእርሷን ቃል ባትሰማ የ400 ድርሃሙን ልትሰማ ትችላለች።

እኅታችን ከተመለሰች በኋላ መልእክት ልካልናለች። «ሁለት ጊዜ እሺ ተብያለሁ፤ አንድ ጊዜ ተቆጥተውኛል» ትላለች። በጸሎታችሁ አስቧት።

በእነዚህ ከተሞች የምታገለግሉ ካህናት ሆይ፤ ከቅዳሴ በኋላ ምእመናኑን ስታሰናብቱ «ቀበቷችሁን እሰሩ» የሚለውን ቃል ከቡራኬያችሁ ጋር ጨምሩልን። ወደ ገዳማችን ለመምጣት የምታስቡም ሚኒባስ ስትከራዩ ከዋጋው በፊት ቀበቶ እንዳለው ጠይቁ። ቀበቶዎቹ ከወንበር ልብሱ ሥር ተቀብረው ከሆነ ሾፌሩ ያውጣላችሁ። ልጆች ካሏችሁም አየር መንገዱን ጠይቃችሁ የሕፃኑን መቀመጫ ከሻንጣችሁ ጋር ይዛችሁ ኑ። መንገዳችን ጠመዝማዛ ነው፤ እኛም በሩ ላይ ሆነን በደኅና መድረሳችሁን እንጠባበቃለን።

የመላእክት አለቃ ቅዱስ ሚካኤል በመንገዳችሁ ሁሉ አይለያችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።